ማማሰያውን አስቀምጡት፦ ከባታንጋሷ አቴ የተማርኩት የፊሊፒንስ የቤት ምግብ አሠራር

ዱባይ እሠራበት በነበረው ቤት ኩሽናው የሁለታችን ነበር፤ የእኔና ከፊሊፒንስ የመጣች አንዲት ሴት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ስሟን አልጠራም ነበር፤ ‹‹አቴ›› ነበር የምላት። በታጋሎግ ታላቅ እህት ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው የኛን ‹‹እትዬ›› ያሳጠሩት ነበር የመሰለኝ። ለወንዱ ደግሞ ‹‹ኩያ›› ይላሉ፤ ወንድም ጋሼ እንደምንለው።

የገባሁ ዕለት ማታ ትንሽ ሳህን ይዛ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጣ ስትበላ አገኘኋት። ቀና ብላ ‹‹ካይን ታዮ›› አለችኝ። ቃሉን አላውቀውም፤ ግን ከአነጋገሯ ገባኝ። ‹‹እንብላ›› ማለቷ ነው። እዚያም ሰው እየበላ ሰው ሲመጣበት ይህን ሳይል ዝም አይልም።

አቴ የሊፓ ልጅ ናት። ሊፓ ከማኒላ በስተደቡብ፣ ባታንጋስ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት። አምስት ዓመት አብረን ሠራን። የምጽፍላችሁ በእነዚያ ዓመታት ከጎኗ ቆሜ ያየሁትን ነው። የሬስቶራንት ምግብ አይደለም። አያቷ ቤት፣ እነሱ ‹‹ሎላ›› የሚሏት አያት ቤት፣ በልጅነቷ የበላችው ነው። ዕቃው አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ዋሽንግተንም አይጠፋም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የኛ ሰው ይህን ምግብ የሚያበላሸው በማጉደል አይደለም፤ በማብዛት ነው። ሽንኩርት ማቁላላት፣ በርበሬ ጣል ማድረግ፣ አሁንም አሁንም ማማሰል። እጃችን አያርፍም። እዚህ ግን የሥራው ግማሽ እጅን መሰብሰብ ነው።

ጓዳ ውስጥ ምን ይኑር

ነጭ ሽንኩርት በብዛት። አቼቶ። ሶያ ሶስ። ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። ዝንጅብል። እርድ። ዓረቦቹ ‹‹ወረቅ ጋር›› የሚሉት፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቤይ ሊፍ ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ ቅጠል። ከዚያ ሩዝ።

‹‹ፓቲስ›› የሚሉት ነገርም አለ። ዓሣና ጨው ለወራት ተብላልቶ የሚወጣ ቡናማ ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱን ስትከፍቱት ሽታው ያስደነግጣችኋል። ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ሽታው ይጠፋል፤ የሚቀረው ጣዕሙ ነው። ካላገኛችሁ ጨው ይበቃል፤ አትጨነቁ።

አቼቶው ላይ ግን ተጠንቀቁ። የነሱ አቼቶ ከሸንኮራ አገዳ፣ ከኮኮናት ዛፍ ፈሳሽ ወይም ኒፓ ከሚባል ዘምባባ ይወጣል፤ ለስለስ ያለ ነው። እኛ ሰፈር ሱቅ የሚሸጠው ነጩ አቼቶ ኃይለኛ ነው። የአፕል አቼቶ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ነጩን ብቻ ካላችሁ ደግሞ ግማሽ ስኒ ሲባል ከግማሹ ትንሽ አጉድላችሁ ቅዱና በውኃ ሙሉት። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስኒ የምለው የቡና ስኒን አይደለም። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን፣ ትልቁን የሻይ ኩባያ ነው።

ድስቱ ደግሞ ባዶ አሉሚኒየም አይሁን። አቼቶ አሉሚኒየም ሲነካ ምግቡ ብረት ብረት ይላል። ስቲል ወይም የሸክላ ድስት ይሻላል። እነሱም ‹‹ፓላዮክ›› የሚሉት የሸክላ ድስት አላቸው። የዶሮ ወጥ ድስታችሁን ግን ተዉት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አዶቦው ቅቤና ኮረሪማ ሸተተ።

መጀመሪያ ሩዙ

ሩዝ እዚያ እንጀራ ነው። ስለ ሩዝ ያለኝን ሐሳብ ሁሉ ይህን ስረዳ ነው የቀየርኩት። ማሳ ላይ እያለ ‹‹ፓላይ›› ይሉታል። ተፈትጎ ጆንያ ሲገባ ‹‹ቢጋስ›› ይሆናል። ሲበስል ‹‹ካኒን››። ልክ እኛ ጤፍ፣ ሊጥ፣ እንጀራ እንደምንለው። አብሮት የሚቀርበው ሁሉ ደግሞ ‹‹ኡላም›› ነው፤ ወጥ እንበለው። ቤት ስትደርሱ የሚጠየቀው ‹‹ምን ኡላም አለ?›› ነው እንጂ ‹‹ሩዝ አለ?›› አይደለም።

ስለዚህ ሩዙ ውስጥ ጨው የለም። ዘይት የለም። ካሮት የለም። እንጀራ ላይ ማን ጨው ይነሰንሳል? ጣዕሙ ያለው ኡላሙ ላይ ነው።

ሁለት ስኒ ሩዝ እጠቡ። የመጀመሪያውን እጣቢ ድፉት። የሁለተኛውን በሳህን አስቀምጡት፤ በኋላ ለሾርባ ይፈለጋል። አሁን ሩዙን ድስቱ ውስጥ አስተካክላችሁ ውኃ ጨምሩ። ልኩ በጣት ነው፦ የመሃል ጣታችሁን ጫፍ የሩዙ ላይ አሳርፉ። ውኃው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ሲደርስ በቂ ነው። አቴ መለኪያ ስኒ ስትይዝ አንድም ቀን አላየሁም። የሎላዋን ጣት እያየች ነው ያደገችው።

ሲፈላ እሳቱን እስከ መጨረሻው ቀንሱ፤ ክደኑ። ከ15 እስከ 18 ደቂቃ። ከዚያ አጥፉና 10 ደቂቃ እንደተከደነ ይቆይ። ክዳኑን አትክፈቱ። ‹‹ደረሰ ይሆን?›› ብሎ መክፈት የለም።

ድስቱ ቂጥ ላይ የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት ‹‹ቱቶንግ›› ይባላል። አቴ ልጅ እያለች በእንጨት እሳት ስለሚበስል ቱቶንግ በየቀኑ ነበር። ልጆቹ ይሻሙበታል። ባታንጋስ ደግሞ የቡና አገር ነው፤ ‹‹ባራኮ›› የሚሉት ወፍራምና ኃይለኛ ቡና አላቸው። ዝርያው ሊቤሪካ ነው፤ እንደኛ አረቢካ አይደለም። ሊፓ በቡና የከበረች ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ዋግ ማሳውን እስኪጨርሰው ድረስ። ጠዋት ጠዋት ኡላም ሲጠፋ ሎላዋ ትኩስ ሩዝ ላይ ያን ቡና ታፈስበትና ስኳር ትነሰንስበታለች። ቁርስ ያ ነበር። ስትነግረኝ ሳቅኩ። አንድ ቀን በእኛ ቡና ሠራችልኝ። አልሳቅኩም።

አዶቦ

ስለ ፊሊፒንስ ምግብ አንድ ቃል የሰማ ሰው የሰማው ይህን ነው። ስሙ የስፔን ነው፤ አሠራሩ ግን ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ነው። ያኔ ፍሪጅ የለም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ሥጋ በአቼቶና በጨው ከበሰለ ቶሎ አይበላሽም። እ.ኤ.አ. በ1613 በታተመ የታጋሎግ መዝገበ ቃላት ውስጥ አንድ የስፔን መነኩሴ ‹‹የአገሬው ሰዎች አዶቦ›› ብሎ መዝግቦታል። ከራሱ አገር ምግብ ጋር ስለተመሳሰለበት ስም ሰጠው ማለት ነው። ሶያ ሶሱ ከቻይና ነጋዴዎች የመጣ ነው።

በአገራቸው አዶቦ በአሳማም ይሠራል፣ በዶሮም። ዓረብ ቤት አሳማ ስለማይገባ እኔ የተማርኩት በዶሮ ነው።

የመጀመሪያዬን ልንገራችሁ። አቴ ታማ ተኝታ ነበር። ‹‹ዛሬ እኔ እሠራልሻለሁ›› አልኳት። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ከተፍኩና አቁላላሁ። ዶሮውን ጨመርኩ። አቼቶና ሶያ ሶሱን ደፋሁበት፣ ወዲያው ማማሰል ጀመርኩ። ከለሩ ስላላማረኝ አንድ ማንኪያ በርበሬ ጣል አደረግኩ። ቀምሳ ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ‹‹ይሄ ጥሩ ምግብ ነው›› አለች። ‹‹ስሙ ግን ሌላ ነው።››

እንግዲህ በትክክለኛው መንገድ። ለአምስት ሰው ይህን ያዙ፦ 1 ኪሎ የዶሮ እግርና ታፋ፣ ግማሽ ስኒ አቼቶ፣ ሲሶ ስኒ ሶያ ሶስ፣ 10 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ደረቅ ቅጠል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 ስኒ ውኃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ቀይ ሽንኩርት ጻፍኩ? አልጻፍኩም።

1. ነጭ ሽንኩርቱን በቢላ ጎን መታ መታ አድርጋችሁ ሰንጥቁት። አትፍጩት። ከተፈጨ ያርና ይመራል። ዶሮውን በሶያ ሶሱና በነጭ ሽንኩርቱ ለውሳችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አቼቶውን ገና አትጨምሩ።

2. ዘይቱን አግሉ። ዶሮውን ከሶያ ሶሱ አውጡና ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ጥበሱት። 4 ደቂቃ ያህል ሳትነኩት። ቆዳው ራሱ ከድስቱ ሲላቀቅ ገልብጡት።

3. የተለወሰበትን ሶያ ሶስና ነጭ ሽንኩርቱን፣ ውኃውን፣ ቅጠሉን፣ ቁንዶ በርበሬውን ጨምሩ። ይፍላ።

4. አሁን አቼቶውን በድስቱ ዙሪያ አፍስሱት። እጃችሁን አንሱ። አትክደኑት። አታማስሉት። 5 ደቂቃ ብቻውን ይፍላ።

እዚህ ላይ ነው አቴ እጄን መታ ያደረገችኝ። ‹‹ኸላስ! አትንኪው!›› የምንግባባው በተሰባበረ ዓረብኛ ነበር። ጥሬ አቼቶ ከተማሰለ ጥሬ እንደሆነ ይቀራል ይላሉ። እናቶቹ በሙሉ ይህን ነው የሚያስተምሩት። ማማሰሉ ይጎዳል አይጎዳም ብለው የሚከራከሩ አሉ። አለመክደኑ ግን ግልጽ ነው፤ አፍንጫ የሚወጋው ነገር ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ፊታችሁን ከድስቱ ላይ አሸሹ እንጂ ሌላ ሥራ የላችሁም። እኔ ያን ጊዜ ዕቃ ማጠብ ለመድኩ፤ ካልሆነ እጄ ወደ ማማሰያው ይሄዳል።

5. ሽታው ሲለዝብ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑ፣ 30 ደቂቃ። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ማለቴ ነው። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ውኃውንም ሁለት ስኒ አድርጉት።

6. ክዳኑን አንሱና መረቁ ወፈር እስኪል 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ዶሮው ሲያብረቀርቅ ደርሷል። አሁን ቅመሱ። ጨው ካነሰ ገና አሁን ነው የሚጨመረው፤ ሶያ ሶሱ ራሱ ጨው ነው። በጣም ከኮመጠጠባችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር።

ይህ በየቦታው የምታገኙት አዶቦ ነው። የአቴ ልብ ያለው ግን ሌላው ጋ ነው። ባታንጋስ ውስጥ ሶያ ሶስ የሌለው፣ በእርድ የሚሠራ ቢጫ አዶቦ አለ፤ ‹‹አዶቦ ሳ ዲላው›› ይሉታል። ሎላዋ እርዱን ከጓሮ ትነቅለዋለች። ልጆቹ ልጠው ይወቅጣሉ፤ ጥፍራቸው ለሳምንት ቢጫ ይሆናል። ትምህርት ቤት ውስጥ የማን ቤት ምን እንደበላ በጥፍር ይታወቅ ነበር ትላለች።

አሠራሩ ያው ነው። ሶያ ሶሱን አውጡና በቦታው አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ የእርድ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። እርዱን ዶሮው ከተጠበሰ በኋላ ዘይቱ ላይ ለአፍታ ነካ አድርጉት፤ ጥሬ ጥሬ እንዳይል። ሶያ ሶስ አጥታችሁ ‹‹አልችልም›› ያላችሁ ካላችሁ እንግዲህ ምክንያት የላችሁም። እርድ የማይገኝበት የኢትዮጵያ ቤት አላውቅም። እንዲያውም እኔ አሁን ቤቴ የምሠራው ይሄንኛውን ነው።

አበላሉ

ፊሊፒኖች አብዛኛውን ጊዜ በማንኪያና በሹካ ነው የሚበሉት፤ ቢላዋ አይፈልጉም። ቤት ውስጥ ግን በእጅ መብላት አለ፤ ‹‹ካማያን›› ይባላል። አርብ አርብ ቤተሰቡ ለምሳ ሲወጣ እኛ ወለሉ ላይ ትሪ እንዘረጋለን። እጇን አያት ነበር። ሩዙን በአራት ጣቶቿ ጫፍ ትሰበስባለች። ትንሽ ጫን ታደርገዋለች። ከአዶቦው ቁራሽ ትደርብበታለች። ከዚያ በአውራ ጣቷ ጀርባ ወደ አፏ ትገፋዋለች። መዳፏ ምንም አይነካውም። እኔ በእንጀራ መጠቅለል የለመድኩ ስለሆንኩ ሩዙ በጣቶቼ መሃል ይበተናል። ስትስቅብኝ ቆይታ ራሷ አጎረሰችኝ። ለዚህም ቃል አላቸው፤ ‹‹ሱቦ››።

የተረፈው

ያደረ ሩዝ ‹‹ባሃው›› ነው፤ አይጣልም። ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት። ጠዋት በእጃችሁ ፈርፍሩት። 5 ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ወርቅ እስኪመስል ጥበሱ፤ ቶሎ ይቃጠላልና ከእሳቱ አትራቁ። ሩዙንና ጨውን ጨምሩ፣ ገልበጥ ገልበጥ። ‹‹ሲናንጋግ›› ይባላል። ከጎኑ የተጠበሰ ዕንቁላልና የማታው አዶቦ። ትኩስ ሩዝ ለዚህ አይሆንም፤ ይላቁጣል።

ሙንጎ፣ የአርብ ምግብ

የፊሊፒንስ ሰው አብዛኛው ካቶሊክ ነው። በዐቢይ ጾም አርብ ሥጋ አይበሉም። ከዚያ ተነሥቶ አርብና ሙንጎ እንደኛ ረቡዕና ሽሮ ሆነዋል። ጾም ባይሆንም አርብ ሙንጎ የሚሠራ ቤት ብዙ ነው።

ሙንጎ ምን እንደሆነ ያወቅኩት አቴ ከረጢቱን ፈትታ ስታሳየኝ ነው። አረንጓዴ፣ ትንሽዬ፣ ክብ። ‹‹ይሄ እኮ ማሾ ነው!›› አልኳት። ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚዘራው፣ ነጋዴው ወደ ውጭ የሚልከው ማሾ። እኛ እናመርተዋለን፤ ስንቶቻችን ቀቅለን በልተነዋል? ከዚያ ደግሞ ቅጠል አወጣች። ‹‹ማሉንጋይ›› አለችው። ሽፈራው! የኛ የኮንሶው ዓይነቱ ትንሽ ይለያል፤ የነሱ ዘመዱ ነው። ሸዋ ሮቢትም ኮንሶም ያልሄደች የአዲስ አበባ ልጅ እነዚህን ሁለት ነገሮች ዱባይ ላይ ከባታንጋስ ሴት ተማረች ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

አንድ ስኒ ማሾ ልቀሙ፣ እጠቡ። 5 ስኒ ውኃ። መዘፍዘፍ አያስፈልግም። ከ40 እስከ 45 ደቂቃ፣ እስኪፈነዳና ውኃው እስኪደፈርስ ይቀቀል። ጨው አሁን አትጨምሩ።

ያ እየፈላ በሌላ መጥበሻ ‹‹ጊሳ›› ሥሩ። ጊሳ የነሱ ቁሌት ነው፤ ግን እንደኛ ሰዓት አይፈጅም። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 5 ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት መጀመሪያ። ሲሸት አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት። እንዲለሰልስ ብቻ፤ እንዲጠቁር አይደለም፤ 3 ደቂቃ ይበቃል። ቀጥሎ ሁለት የበሰለ ቲማቲም፣ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቁት። ቲማቲሙ ዘይት ሲተፋ ሁሉንም ማሾው ላይ ገልብጡ። 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨው ወይም ፓቲስ አሁን ይገባል።

ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት እፍኝ የሽፈራው ቅጠል ጣሉበት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ክደኑ። ሙቀቱ ራሱ ያበስለዋል። ሽፈራው በእርጥቡ ካላገኛችሁ ቆስጣ ክተፉ። ለሻይ የሚሸጠውን ደረቁን ሽፈራው ግን አትሞክሩት። ሞክሬዋለሁ፤ ምግቡ መድኃኒት ይሆናል።

የማሉንጋይ ቅጠል መቀንጠስ የልጆች ሥራ ነው። ሎላዋ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ታድላለች። ልጆቹ ደጁ ላይ ተደርድረው ይቀነጥሳሉ። ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ቅጠሉ ይረግፋል። ቀድሞ የጨረሰ ለመጫወት ይሄዳል። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ እንጨት አይጠፋም፤ የቸኮለው ልጅ የማን እንደሆነ ደግሞ ሎላዋ ታውቃለች።

እነሱ ለአርብ ብለው ሥጋውን ቢተዉም ሽሪምፕ ወይም የታጠነ ዓሣ ይጨምሩበታል። የምትጾሙ ሰዎች ሁለቱንም ተዉና ፓቲሱንም በጨው ተኩት፤ እሱም ከዓሣ ነው። ባዶ እንዳይመስል መጨረሻ ላይ አንድ ቆርቆሮ የኮኮናት ወተት፣ 400 ሚሊ ሊትር የሚለውን፣ ጨምሩ። ለዘብ ባለ እሳት 5 ደቂቃ። ለሁዳዴ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በእንጀራም ይሄዳል፤ አቴ ግን በእንጀራ ስበላው አይታ ዓይኗን ገለበጠች።

ሲኒጋንግ ባጭሩ

ያስቀመጥነውን የሩዝ እጣቢ አምጡት። ሲኒጋንግ ጎምዛዛ ሾርባ ነው። የሚያጎመዝዘው ሮቃ ነው፤ ሐረርና ድሬዳዋ ሁመር የሚሉት፣ ዓረቦቹ ተምር ሂንዲ። በየአካባቢው በሌላም ያጎመዝዙታል፦ በጓቫ፣ ባልበሰለ ማንጎ፣ ካሚያስ በሚባል ፍሬ።

አንድ ኪሎ የበሬ ጎድን በእጣቢው፣ በአንድ ሽንኩርትና በሁለት ቲማቲም ቀቅሉ። አረፋውን ግፈፉ። ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ሁለት ሰዓት ገደማ። እጣቢው ካነሰ ውኃ ጨምሩ። ከዚያ ሦስት ጎደሬ ለአራት ቆርጣችሁ ጨምሩ። አዎ፣ ጎደሬ! የነሱም ነው፤ ሾርባውን የሚያወፍረው እሱ ነው። በደንብ ይብሰል፤ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ ያሳክካል። ቡጢ የምታህል ሮቃ በሙቅ ውኃ ፈትጋችሁ አጥልሉና ውኃውን ጨምሩ። ፎሶሊያ፣ ባምያ፣ አንድ ሁለት ያልተቆረጠ ረጅም ቃሪያ። ቆስጣ መጨረሻ ላይ። ስትቀምሱት አንድ ዓይናችሁ ካልጨፈነ ገና ነው። የሱቁ ሮቃ የበሰለና ጣፋጭ ከሆነባችሁ ሎሚ ጨምቁበት።

ቻምፖራዶ

ይሄ የዝናብ ምግብ ነው። እነሱም ጋ ዝናቡ እንደኛ ክረምት በሰኔ ይጀምራል። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ሲዘንብ መነጋገር አይቻልም። ሎላዋ ድስት ስትጥድ ልጆቹ የሚያውቁት በመዓዛው ነው፤ ካካዎ።

ካካዎ ከሜክሲኮ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1815 የስፔን መርከቦች በአካፑልኮና በማኒላ መሃል ይመላለሱ ነበር። ሜክሲኮዎች በበቆሎ የሚሠሩት ወፍራም የቸኮሌት መጠጥ አላቸው። ፊሊፒኖች በቆሎውን ትተው ሩዝ አደረጉበት። ገንፎ ሆነ።

አንድ ስኒ የሚያጣብቅ ሩዝ፣ ‹‹ማላግኪት›› የሚሉትን፣ ያዙ። ከሌለ አጭሩን የግብፅ ሩዝ። ባስማቲ አይሆንም። 5 ስኒ ውኃ። እያማሰላችሁ አፍሉት። ሩዙ ማበጥ ሲጀምር፣ ወደ 15 ደቂቃ ላይ፣ ግማሽ ስኒ ስኳር የሌለው የካካዎ ዱቄት በትንሽ ሙቅ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ በደረቁ ከገባ ይጓጉላል። ሲሶ ስኒ ስኳር፣ ቆንጠር ጨው። ሌላ 10 ደቂቃ። ሳህን ላይ ገልብጣችሁ ወተት በክብ አፍስሱበት። ሲቆይ ይጠጥራል፤ ሙቅ ወተት ያላላዋል።

ከጎኑ ደግሞ ‹‹ቱዮ›› አለ። ጨው የበላ፣ የደረቀ፣ የተጠበሰ ትንሽ ዓሣ። አዎ፣ ከቸኮሌት ጋር። አንድ ማንኪያ ጣፋጭ፣ አንድ ቁራሽ ጨዋማ። ማዳም ቤት ቱዮ መጥበስ አይታሰብም ነበር፤ ሽታው መጋረጃው ላይ ይቀራል። የምንጠብሰው አርብ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ነው። አንዴ ዓሣው ሲያልቅ ከአዲስ አበባ የመጣልኝን የቋንታ ፍርፋሪ አቀረብኩላት፤ በርበሬ ያልበዛበት ነው። ነክሳ፣ ዝም ብላ አሰበችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

የመጀመሪያ ቀን ቻምፖራዶ ስንሠራ እኔ እንደለመድኩት ምድጃው ጋ እጄን አጣጥፌ ቆሜ ነበር። ሁለት ዓመት እየተቆጣችኝ ተምሬያለሁና። ድስቱ መንተክተክ ጀመረ። ሩዙ ቂጡን ሊይዝ ነው። አቴ ዞር ብላ አየችኝ። ‹‹ምን ትጠብቂያለሽ?›› አለች። ‹‹አማስዪ እንጂ!››